መጠጥ ለማቆም አብሮ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

"ከነገ ጀምሮ አልጠጣም።" ታናሽ ወንድሜ ይህን ስንት ጊዜ እንዳለ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በሚካኤል ምሏል። ቄስ ፊት ቀርቦ ተገዝቶም ያውቃል። ፍላጎት አልጎደለውም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጓደኞቹ ሲደውሉለት "እኔንም አምሮኛል፣ ና ቡና እንጠጣ" የሚለው ሰው ነው ያጣው። የመደጋገፊያ ቡድን የሚባለው እንግዲህ ያ ሰው የሚገኝበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ይዩ

ይህን አይዝለሉት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይታመማል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2 ቀን በኋላ ደግሞ ቅዠት ሊመጣ፣ የሌለ ነገር ሊታየው ይችላል። ይህ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። እኛ ዘንድ "ሰይጣን ነው" ተብሎ ቤት የሚቆይ ሰው አለ። እባካችሁ አታቆዩት።

ደሴ ላይ ብዙዎቻችን አሁንም "ሪፈራል" የምንለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ኮምቦልቻ ያሉ ሰዎች ከቅርባቸው ጤና ጣቢያ ጀምረው ሪፈር ማጻፍ ይችላሉ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን አያቋርጡ። በእነዚያ ቀናት ባዶ ሆድ መዋልም ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ይጠይቁ

ባለሙያውን እንዲህ ይበሉት፦ "መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን ታውቃለህ? ከሌለ፣ እንደኔ ለማቆም የሚታገል ሌላ ታካሚ ፈቃደኛ ከሆነ ስልኬን ስጥልኝ።" የሌላ ሰው ስም ሊሰጥዎት አይችልም። የእርስዎን መልእክት ማድረስ ግን ይችላል። የንስሐ አባትዎን ወይም የሰፈርዎን ሼህ መጠየቅም ይቻላል። ከእኛ በላይ የሰው ምሥጢር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እንግሊዝኛ የሚሰሙ ከሆነ "አልኮሆሊክስ አኖኒመስ" የሚባለው ማኅበር በዙም የሚያካሂዳቸው ስብሰባዎች ሌሊትም ቀንም አሉ። ክፍያ የለም። ሙሉ ስም አይጠየቅም። መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል።

ቡድን ካጡ፣ ሁለት ሰው ይበቃል

ይህ ማኅበር ራሱ የተጀመረው በ2 ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1935 አንድ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ሥራው ሳይሳካ ቀረ፤ የሆቴሉ ባር ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው። ያኔ ስልክ ይዞ መጠጥ የሚያስቸግረው ሌላ ሰው መፈለግ ጀመረ። ያገኘው አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ደላላው የፈለገው ሐኪሙን ለማዳን ብቻ አልነበረም። እሱም እንዳይጠጣ የሚያወራው ሰው አስፈልጎት ነው። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ መሰብሰብ ማንም አያስተምረንም። ቅሬ አለን። ለቀብር የምንሰበሰበውን ያህል፣ ሰው በሕይወት ሳለም እንሰብሰብለት።

ቦታው መጠጥ የማይሸጥበት ይሁን፤ የአንዳችሁ ቤት ይሻላል። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር። ሰዓቱን አምሮቱ በሚበረታበት ሰዓት አድርጉት። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ፣ አይምከር። የተነገረው ከቤቱ አይውጣ። ደሴ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ሰው እንዳያየኝ ብለው የሚፈሩ ከሆነ፣ በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ካለ ሰው ጋር ይገናኙ። የኮምቦልቻውም ሰው ወደ ደሴ ይውጣ። የትራንስፖርቱ ብር ለመጠጥ ይወጣ ከነበረው አይበልጥም።

የመጀመሪያው ቀን

"ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት" ማለት ይበቃል። ካልፈለጉ አይናገሩ። በአንድ ቀን አይፍረዱ፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ይሂዱ። ከመውጣትዎ በፊት ግን የአንድ ሰው ስልክ ይያዙ። ከስብሰባው ይልቅ የሚያድነው ማታ ላይ የሚደወለው ስልክ ነው።

ጫት ከቃሙ ይህንንም አይደብቁ። ቅሞ በጨብሲ መስበር የለመደ ሰው፣ ጫቱን እንደያዘ መጠጡን ብቻ ላቁም ሲል በጣም ይከብደዋል። ምርቃናው ሲያበቃ እግሩ ወዴት እንደሚወስደው ራሱ ያውቃል። ወንድሜን ሁለት ጊዜ የጣለው ይኸው ነው።

ቢጠጡም ከቡድኑ አይቅሩ። በተለይ በማግስቱ አይቅሩ። ወንድሜ ሁለተኛ ጊዜ ከጠጣ በኋላ ባለው እሑድ በሩ ድረስ ሸኘሁት። ኀፍረት ይዞት ደጅ ላይ ቆመ። ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አንድ ጋሼ ቀና ብለው አዩት፤ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ ሳብ አደረጉለትና "ግባ እንጂ፣ ገና አቦሉ ነው" አሉት።