ቮልሷ አንዴ ትነሳለች፣ አንዴ ትጠፋለች፦ በሽታውን በሰዓቱ መያዝ

ከአዳማ ወደ ሶደሬ እየሄድን ነበር። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቮልሷ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ጭጭ አለች። ዳር ይዘን የኋላ ኮፈኗን ከፈትን። ከዚያ እንደተለመደው ሁሉም ሰው መካኒክ ሆነ። አንዱ «ቤንዚን አንቋት ነው» ሲል ሌላው «ኮይሏ ግሎ ነው፣ ይቀዝቅዝ ተዋት» አለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ ቁልፉን ሳዞረው ምንም እንዳልነካት ተነሳች።

ሰኞ ጋራዥ ወሰድኳት። ሦስት ጊዜ አስነሷትና «ምንም የላትም» አሉኝ። እንደ ጥርስ ሕመም ናት፤ ሐኪም ደጅ ስትደርስ ይሻላታል። በአራት ወር ውስጥ ባትሪ፣ ኮይል (የባትሪውን ጉልበት ለካንዴላው እሳት የሚያሳድገው)፣ ካንዴላና የቤንዚን ፖምፓ ቀየርኩ። በሽታው ግን ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ የተቀመጠች፣ ከጣት የማትረዝም ሽቦ ነበረች። ከታች አሳያችኋለሁ።

እየመጣ የሚሄድ ችግር የሚያዘው በመጣበት ሰዓት ብቻ ነው። ከተነሳች በኋላ የምትመረምሯት መኪና ጤነኛ መኪና ናት። የእኔዋ በፈረንጅ 1969 የተሠራች፣ ባለ1300 ሞተርና ባለ12 ቮልት ናት። ቢሆንም ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው መቆራረጫ) እና ካርቡራተር ላላት ላዳም ሆነ ፊያት 600 አብዛኛው ነገር ይሠራል።

ስትጠፋ እንዴት ጠፋች?

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን መልሱ። ልክ ሰው ቁልፍ እንደዘጋባት ድንገት ቀጥ ካለች ኤሌክትሪክ ጠርጥሩ። ጉልበት እያጣች፣ እየተንገታገተች፣ ፔዳሉን ስትረግጡት ጭራሽ እየባሰባት ከጠፋች ግን ቤንዚን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መብራት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቁልፉን ሳትነኩ ፍሪሲዮን ርገጡና ዳሽቦርዱን እዩ። የዲናሞና የዘይት መብራቶቹ መብራት አለባቸው። ሁለቱም ጨለማ ከሆኑ ኮይሉንም ካርቡራተሩንም ተዉት። ችግሩ የቁልፍ ማስነሻው ወይም ወደ እሱ የሚመጣው ሽቦ ጋ ነው። ቁልፉን በቀስታ ወዲያ ወዲህ ስታነቃንቁት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ላይ የቁልፍ መያዣችሁንም እዩት። የቤት፣ የሱቅ፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ ሁሉ የሚንጠለጠልበት ማስነሻ ውስጡ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው፣ ወዲያው ሞክሯት። እኛ በዚያ ቅዳሜ የሠራነው ትልቁ ስህተት ይህን አለማድረጋችን ነው። ወዲያው የምትነሳ ከሆነ የሙቀት በሽታ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ጠብቃ ብቻ የምትነሳ ከሆነ ሙቀት ነው። እኛ ስንከራከር ያንን መረጃ አቃጠልነው።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ደቂቃ። መንገድ ዳር ቆማችሁ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት።

ቤንዚን፦ የአየር ፊልትሮውን አንሱና የካርቡራተሩን ጉሮሮ እያያችሁ የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ የሚስበውን ማንሻ በእጃችሁ ሳብ አድርጉት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ፊጭ ማለት አለበት። ፊጭ ካለ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ፤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ መጀመሪያ አርቁት።

እሳት፦ የአየር ፊልትሮውን መልሱና የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉ። ትርፍ ካንዴላ ከአንዱ የካንዴላ ሽቦ ላይ ሰክታችሁ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት፤ ከካርቡራተሩ ራቅ ይበል። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ። ሰማያዊ ሆኖ ጠጭ ጠጭ የሚል እሳት ደህና ነው። ቢጫና የሳሳ ከሆነ ደካማ ነው። ጭራሹን ከሌለ መንገዳችሁ ወደ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር (ከፑንቲናው ጋር የምትሠራ ትንሽ ቆርቆሮ) እና ኮይል ነው። ሽቦውን በባዶ እጅ አትያዙ፤ እኔ ይዤ አውቃለሁ፣ አይደገምም።

ሁለቱም ካሉና ካልተነሳች ምናልባት ቤንዚን በዝቶባት ታፍናለች። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ያዙና ሳትለቁ አዙሩ። ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ በእያንዳንዱ ርግጫ ተጨማሪ ቤንዚን ትግቷታላችሁ። ቾኩ (ለቀዝቃዛ መነሻ የካርቡራተሩን አየር የሚያጠብበው ክዳን) ተጣብቆ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። በአዳማ ሙቀት ቾክ የሚያስፈልገው ጠዋት ለአፍታ ነው። ሞተሩ ሞቆም ክዳኗ ተዘግታ ካገኛችኋት በጣታችሁ ክፈቷት፤ ወደ ቾኩ የሚሄደው ሽቦ መሰካቱንም እዩ።

ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብቻ

ሁሉም ሰው ወደ ባትሪ ይሮጣል፤ እኔም ሮጬ ገንዘቤን አፍስሻለሁ። መጀመሪያ ለኩ። ቆማ 12.6 ቮልት ገደማ ካለ ባትሪው ሙሉ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ክዳኑን አትጣሉት። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ማሳውን (ጉልበቱ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ፈትሹ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ቦዲው የሚሄድ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ገመድ አለ። ከሥር ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ዝገትና ጭቃ ይበላዋል። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱን ፈታችሁ ሁለቱንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ ወይም ቀይሩት።

ቀዝቃዛ ሆና በደንብ ተነስታ፣ ስትሞቅ «ጠቅ» ብቻ የምትል ቮልስ የታወቀች ናት። ከፊት ካለው ቁልፍ እስከ ኋላ ሞተሪኖ የሚሄደው ሽቦ ረጅም ነው፣ ማስነሻውም አርጅቷል። ወደ ሞተሪኖው የምትደርሰው ቀጭን ሽቦ ላይ ጉልበቱ ይሟጠጣል። መፍትሄው አንድ ሪሌይ (በትንሽ ጉልበት ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ነው። ሞተሪኖው አጠገብ ይታሰርና ጉልበቱን በቀጥታ ከባትሪው ይወስዳል፤ ቁልፉ የሚያዘው ሪሌዩን ብቻ ይሆናል። እስኪሠራ ድረስ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ መግፋት ነው። ደግነቱ ቀላል መኪና ናት፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ሁለት የባጃጅ ልጆች ገፍተው አስነስተውልኛል፣ እየሳቁብኝም ቢሆን።

ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች

እዚህ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። በጠፋችበት ሰዓት እሳት ከሌለ ኮንደንሰሩ ወይም ኮይሉ ነው። ከኮንደንሰሩ ጀምሩ፤ ርካሽ ነው፣ በሙቀት የሚሞትም እሱ ነው። ኮይሉን ከጠረጠራችሁ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉበት። ከደቂቃዎች በኋላ እሳቱ ከተመለሰ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ከቀረ ኮይሉ ሳይሠራ ይጋገራል። ብዙ ኮይል የሚሞተው ራዲዮ ለመስማት ቁልፍ በተከፈተበት ምሽት ነው።

እሳት ካለና ካርቡራተሩ ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኗል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ቤንዚን በቀላሉ ይፈላል፤ ሙቀቱ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ነው። ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ቤት ያደርሳል እንጂ አያድንም። እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ነው። ማሸጊያው ወይም ላሜራው ሲጎድል ከሥር የሚወጣው የሞቀ አየር ተመልሶ ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የገዛ ትንፋሹን መልሶ ሲተነፍስ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሦስተኛው ቫልቭ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ ሆኖ 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጉት።

በጥሩ ፍጥነት እየሄደች ትታነቃለች

ቆማ ስታርፍ መልሳ ትነሳለች፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ እንደገና ትታነቃለች። ይህ የቆሻሻ ታሪክ ነው። ዝገት ወይም ደለል ከቤንዚኑ ጋር እየተሳበ የታንኩን ወንፊት ይደፍናል። ስትቆም ይወርዳል፣ ስትነዱ ተመልሶ ይሳባል። ቤንዚን ጠፍቶ በጀሪካን የገዛ ሰው ይህን ያውቃል። በሃይላንድ ቀድታችሁ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። የታንኩንም ክዳን አትርሱ። ስትታነቅ ከፈታችሁት «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል።

የነዳጅ ጎማዎቹ ከደረቁ ዛሬውኑ ቀይሩ፣ ፕላስቲክ ፊልትሮም ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ አታንጠልጥሉ። የቮልስ ሞተር ገላ ማግኒዥየም ያለበት ነው። አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል።

ስታቆሟት ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ጀምሩ። ካርቡራተሩ ላይ አንዲት ሽቦ የተሰካባት ትንሽ የቤንዚን መዝጊያ አለች። ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ካላለች ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ቤንዚን የለም። ሽቦዋ ወልቃ ይሆናል።

የእኔዋ ሽቦ

ምልክቱ ይህ ነበር፦ ቆማ ሰዓት ሙሉ ትሠራለች። ከተማ ውስጥ ደህና ናት። አውራ መንገድ ላይ ፔዳሉን ግማሽ ረግጬ ስሄድ ግን ታስነጥስና ድንገት ትጠፋለች። ወዲያው ብሞክራት ትነሳለች። ይህን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩና ፍራንኮ ሰፈር አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አነበብኩላቸው።

«ልጄ፣ ፑንቲናውን ማን ሠራው?» አሉኝ።

«ሞርደውታል ጋሼ።»

«ሞረዱት። ገመዱን ግን አላዩትም።»

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈቱ፣ ውስጡ የምትሽከረከረውን ሮተር አነሱ፣ ከኮይሉ ወደ ፑንቲና የሚመጣውን ሽቦ ነቀሉ። አንዱን የቴስተር ጫፍ እዚያ፣ ሌላውን ብረት ላይ አደረጉ። ፑንቲናው ዝግ ስለነበር ዜሮ ኦም አሳየ፤ መስመሩ ተያይዟል ማለት ነው። ከዚያ ከካርቡራተሩ የሚመጣውን ቀጭን የአየር ጎማ ነቅለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ሳቡ። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ዞር አለ፤ ቴስተሩ ላይ የነበረው ዜሮ ጠፋ። ለቀቁት፣ ተመለሰ። ሳቡት፣ ጠፋ።

የፑንቲናው ሽቦ ልባሱ ደህና ነበር፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ሳህኑ በቦታው ሲሆን ሁለቱ ጫፎች ይነካካሉ። አየር ሲሳብ ሳህኑ ይዞርና ይለያያሉ፤ አየሩ የሚሳበው ደግሞ ፔዳሉን ግማሽ ስትረግጡ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሚኒሞ ላይ ቆማ የምትሠራው ለዚህ ነበር።

አዲስ ፑንቲና ከነሽቦው ገባ። ሽቦውን ሳህኑ ሲዞር እንዳይወጠር ላላ አድርገው አሰሩት። ክፍተቱን ፑንቲናው በሰፊው በተከፈተበት ቦታ 0.4 ሚሊ ሜትር አደረጉት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ያወጣሁትን አሮጌ ኮይልም አምጣው ብለው ለኩልኝ፤ ምንም አልሆነም። አሁን ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከትርፍ ካንዴላውና ከኮንደንሰሩ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ መለዋወጫ ሆኗል።