የአሮጌ ሚኒባስን ውስጥ እንዴት ማደስ ይቻላል

ከአለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ጋራዦች፣ ወንበሩ ተነቅሎ ደጅ የተደረደረ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ የማይታይበት ሳምንት የለም። ባለንብረቶቹ በአብዛኛው የሚመጡት "ወንበር ለማልበስ ስንት ታስከፍላላችሁ?" የሚል ጥያቄ ይዘው ነው። ጥያቄው አይገርምም፤ ተሳፋሪ ገና እግሩን ሲያስገባ ዓይኑ የሚያርፈው የተቀደደው ወንበር ላይ ነው። ሆኖም በውስጥ እድሳት ወንበር የመጨረሻው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ከየት እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ያረጀች ቶዮታ ሃያስ ሚኒባሴን በግንቦት ወር ወይን ጠጅ ሌዘር አልብሼ፣ አዲስ ምንጣፍ አንጥፌ ሥራ ላይ አዋልኳት። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ መኪናዋ ውስጥ እርጥብ ጆንያ የመሰለ ሽታ ተነሣ። ምንጣፉን ስገልጠው ከኋለኛው ወንበር ሥር ውሃ አቁሮ፣ ላሜራው እንደ ደረቀ እንጀራ እየተፈረፈረ ነበር፤ በአንደኛው ቀዳዳ አስፋልቱ ይታያል። ወንበሮቹን እንደገና ነቅዬ ሥራውን ከሥሩ ጀመርኩት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚያ ሁለተኛ ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ በተለይ የሚያገለግለው ሞተራቸው ከፊተኞቹ ወንበሮች ሥር ለሆነው ለቆዩት ሃያሶች ነው።

ወቅትና ሰዓት

ሥራውን ለመጀመር የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊያስቸግር ይችላል፤ በክረምት ደግሞ መጠለያ የሌለው ሰው ባይነካካው ይሻላል። ነገር ግን ደረቁም ወቅት የራሱ ችግር አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በጣም ስለሚበርድ ጠዋት ላሜራው በጤዛ ይረጥባል፤ በጤዛ ላይ የተቀባ ቀለም ወራት ሳይቆይ ይላጣል። ስለዚህ ቀለምና ማስቲሽ የሚነካው ማንኛውም ሥራ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢጠናቀቅ መልካም ነው።

መንቀል

ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። ቀጥሎ ውስጡ ከየአቅጣጫው በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ በተለይ ገመዶች የሚያልፉበትን ቦታና የወንበር እግሮችን አቀማመጥ በቅርበት ማንሣት በኋላ ብዙ ክርክር ያስቀራል። የወንበሮቹ ብሎኖች ወለሉን በስተው ስለሚወጡና ከታች ጭቃ ሲመታቸው ስለኖሩ በቀላሉ አይላቀቁም። ማታ ዘይት ወይም ናፍጣ ቀብቶ ማሳደር፣ ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ከታች ዳዶውን በቁልፍ ይዞ ሌላው ከላይ እንዲፈታ ማድረግ ያስፈልጋል። ብሎኖቹ እንደየወንበራቸው በተለያየ ፌስታል ገብተው የወንበሩ ቁጥር ይጻፍባቸው። ከወንበር ሥር ሳንቲም፣ የሱፍ ቅርፊትና የሕፃን ጫማ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሳንቲሙን ለረዳቱ መተው የቆየ ልማድ ነው።

ኮርኒሱና የጎን መሸፈኛዎቹ ሲወጡ ካቻቪቴ አስገብቶ መፈልቀቅ የፕላስቲክ መያዣዎቹን ይሰብራቸዋል። ጫፉን በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ብረት መያዣው ካለበት አጠገብ አስገብቶ ቀስ ብሎ ማንሣት ይሻላል። በመስኮቱ ላይ የተለጠፉትን ጥቅሶች ግን ባለቤቱን ሳይጠይቁ እንዳያነሡ፤ እኔ አንድ ጊዜ አንሥቼ ከአንድ ሾፌር ጋር ለአንድ ወር ተኳርፌያለሁ።

ውሃው የሚገባበትን ቦታ መፈለግ

ባዶ የሆነው ውስጥ ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ አንድ ሰው የእጅ ባትሪና ጠመኔ ይዞ ገብቶ በሮቹ ይዘጉበታል። ሌላው ደግሞ ከውጭ በጎማ ቱቦ፣ የቧንቧ ውሃ ከሌለም በ20 ሊትር ጀሪካን፣ ውሃ ያፈስሳል። ዋናው ዘዴ ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው። ከጣሪያው ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ አርሶ ስለሚወርድ የትኛው መገጣጠሚያ እንዳስገባ አይለይም። መጀመሪያ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ፣ ቀጥሎ መስኮቶቹ፣ ከዚያ የፊተኛው መስታወት፣ በመጨረሻ ጣሪያው በተራ ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማፍሰስ ይበቃል። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ባየበት ሁሉ በጠመኔ ያከብባል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት የፊተኛው መስታወት የታች ማዕዘኖች፣ የኋላ በር ጎማና ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) የታሰረባቸው የጣሪያ ብሎኖች ናቸው። የሚንሸራተቱት የጎን መስኮቶች በሐዲዳቸው ሥር ውሃ የሚያስወግዱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነዚህ በአቧራና በቆሎ ገለባ ስለሚደፈኑ ውሃው ወደ ውጭ በመውረድ ፈንታ ወደ ውስጥ ሞልቶ ይፈስሳል። በቀጭን ሽቦ መጥረግ ብቻውን ግማሹን ችግር ሲፈታ አይቻለሁ። በበሮቹ ሆድ ሥር ያሉት ቀዳዳዎችም እንዲሁ ይጠረጋሉ።

የመስታወት ጎማው ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ ላዩ ላይ ሲሊኮን መለቅለቅ ትርፉ ማቆሸሽ ነው፤ መቀየር አለበት። አዲሱ ጎማ መስታወቱን ዙሪያውን እንዲያቅፍ ከተደረገ በኋላ፣ በላሜራው ላይ በሚገባው ስንጥቁ ውስጥ ዙሪያውን ጠንካራ የናይለን ሲባጎ ይቀበራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ታች መሃል ላይ እንዲገናኙና አንድ ስንዝር ያህል እንዲተርፉ ይደረጋል። ስንጥቁ በሳሙና ውሃ ይረጥብና አንድ ሰው መስታወቱን ከውጭ በመዳፉ ይደግፋል፤ ሌላው ከውስጥ የሲባጎውን ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ መሃል ይስባል። ሲባጎው እየወጣ በሄደ መጠን የጎማው ከንፈር የላሜራውን ጠርዝ እየተሻገረ ወደ ውስጥ ይቀመጣል። ማዕዘን ላይ ሲደረስ መቸኮል አያስፈልግም፤ መስታወት የሚሰበረው እዚያ ነው።

ዝገት

ወለሉ ሙሉ በሙሉ በሽቦ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ጥርጣሬ ያለበት ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ይጫናል፤ ከገባ ያ ቦታ ተቆርጦ መውጣት አለበት። የዛገው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይቀባል። አሲዱ ቀዩን ዝገት ወደ ጠቆር ያለ የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። በዕቃው ላይ በተጻፈው መሠረት ትርፉ ተወግዶ ሲደርቅ ሁለት እጅ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም)፣ በላዩ ደግሞ የዘይት ቀለም ይከተላል።

ቀዳዳ የሆነው ቦታ ግን ብየዳ ይፈልጋል። የእኔን ወለል ቀደም ሲል የሠራው ጋራዥ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ (በመኪና አካል መሙያ ሊጥ) ደፍኖ ቀለም ቀብቶባቸው ነበር፤ ስቱኮ ከሥሩ ብረት ከሌለው በመንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ውሃ ይዞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ባለሙያው የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ እንዲበይድ ይጠየቅ። ብየዳ ሲካሄድ የባትሪው ገመዶች የተፈቱ መሆን አለባቸው፤ ስፖንጅ፣ ጨርቅና ማስቲሽ ከአካባቢው ይርቃሉ፤ ቦታው ለነዳጅ ታንኩ የሚቀርብ ከሆነ ታንኩ ሳይወርድ እሳት መለኮስ የለበትም። አሸዋና ውሃ አጠገብ ይቀመጥ።

የተበየደው መገጣጠሚያ ቀለም ከመቀባቱ በፊት መታሸግ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሽ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሴቲክ አሲድ ራሱ ብረት ያዝጋል። ለመኪና አካል የተሠራ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ዋጋው ከፍ ቢልም ሌላ አማራጭ አልመክርም።

የሞተሩ ክዳን

ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር በሆነ መኪና ውስጥ የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሙቀት ሲያስቸግር ብቻ ነው። ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ጭሱ ነው፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው በተላላጠ ጎማ በኩል ሲገባ ሾፌሩ የሚያውቀው ራሱን ሲያመው ነው። ጎማው በአዲስ ይተካል። በክዳኑ ሆድ ላይ ተራ ስፖንጅ መለጠፍ አደገኛ ነው፤ የሚለጠፈው ሙቀት የሚችልና ፊቱ በአሉሚኒየም የተሸፈነ መከላከያ ብቻ ይሁን።

ወለልና ጣሪያ

በላሜራው ላይ ኮምፔንሳቶ መደርደር የተለመደ ቢሆንም እኔ አልወደውም፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ለወራት ይይዛል። የግድ ከሆነ ሁለቱም ፊቱና በተለይ ጠርዞቹ አስቀድመው የዘይት ቀለም ይቀቡ። ወፈር ያለ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ በቀጥታ ማንጠፍ ይበልጥ ይሻላል። ምንጣፉ ከመቆረጡ በፊት ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይለስልስ፤ በማስቲሽ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ ግን አያስፈልግም። ጠርዙን በአሉሚኒየም ማቀፊያና በብሎን ከያዙት በየዓመቱ አንሥቶ ሥሩን ማየት ይቻላል።

የኮርኒሱ ጨርቅ የሚንጠለጠለው ከጀርባው ያለው ስስ ስፖንጅ እንደ ዱቄት ስለሚፈርስ ነው። ይህ ዱቄት ተቦርሾ ካልጠፋ አዲሱ ጨርቅ በአንድ ሳምንት ይወርዳል። ማስቲሹ በሁለቱም ፊት በስሱ ይቀባና በጣት ሲነካ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ በብርድ ቀን ከዚያም ይረዝማል። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍ እየተጫኑ መለጠፍ ነው። የማስቲሽ ትነት ራስ ስለሚያዞር በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ይሠራ።

ኮርኒሱ ከመመለሱ በፊት ገመዶቹ ይፈተሻሉ። በፕላስተር የተጠማዘዘ ቅጥያ ሁሉ ተቆርጦ በደንብ ይያያዝ። ባለ 5 ዋት አራት የኤልኢዲ መብራቶች በ12 ቮልት 1.7 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ ለመስመሩ የ3 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። መብራቱ ሲጠፋ ፊውዙን በሽቦ መተካት ኮርኒሱን ለእሳት ማመቻቸት ነው።

ወንበር

አሁን ወደ ታፒሴሪው፣ ማለትም ወደ ወንበር ማልበሱ፣ መሄድ ይቻላል። አሮጌው ልብስ በመቀስ መቀዳደድ የለበትም፤ ስፌቱ በምላጭ ተፈትቶ እያንዳንዱ ቁራጭ ለአዲሱ ልክ ሆኖ ያገለግላል። ብረቱ ተፈትሾ የተሰበረው ይበየዳል፤ ሞላ ካለው በሞላውና በስፖንጁ መካከል የጆንያ ጨርቅ ይገባል፤ አለዚያ ሽቦው ስፖንጁን በጥቂት ወራት ይበላዋል።

ሰፈራችን ያሉትን አዛውንት ልብስ ሰፊ "ጋሼ፣ የትኛውን ስፖንጅ ልግዛ?" ስላቸው ቁራጩን በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ "ልጄ፣ ቶሎ የሚመለሰውን ሳይሆን ተጭነህ አጥንቱን የማታገኘውን ግዛ" አሉኝ። በቁጥር ሲነገር በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ስፖንጅ ማለት ነው፤ ለመቀመጫ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይስማማል። ስፖንጁ ከልብሱ ልክ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተልቆ ይቆረጣል፤ ልብሱ እንዳይሸበሸብ የሚወጥረው ይህ ትርፍ ነው። ሌዘሩ ሲሰፋ 16 ወይም 18 ቁጥር መርፌና የፖሊስተር ክር ይመረጣል፤ የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። ስፌቱ በጣም ከተቀራረበ ሌዘሩ እንደ ቴምብር ተበስቶ ስለሚቀደድ ሰፋ ይበል። ሲለብስ ስፖንጁ በስስ ላስቲክ ቢሸፈን ልብሱ ሳይያዝ ይንሸራተታል።

የደኅንነት ቀበቶው ሲቆሽሽ በለብታ ሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ከተቀደደ ግን በሲንጀር ተሰፍቶ አይመለስም፤ ይቀየራል። የወንበር ብዛትም በሊብሬው ላይ ከተጻፈው መብለጥ የለበትም፤ ትርፍ ወንበር የገባበት መኪና በዓመታዊው ምርመራ ላይ ይወድቃል።

ወንበሮቹ ሲመለሱ ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው፣ ከወለሉ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ገብቶላቸው ይጠብቃሉ። ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ ሁሉም እንደገና ይጥበቁ፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስትም የኋለኛው ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ማዕዘን ተገልጦ በደረቅ እጅ ይዳሰስ።