የአንድን ኦርጋኒክ ኬሚስት የምርምር ሥራና የተጠቃሽነት መጠን እንዴት በትክክል ማጠናቀር ይቻላል?

አንድ የዕፅዋት ኬሚስት የመድኃኒት ተክል ሥር አድርቆና ፈጭቶ፣ በሜታኖል ዘፍዝፎ፣ ውህዶቹን በኮለም ክሮማቶግራፊ ለይቶ፣ የአንዱን ውህድ መዋቅር ኤንኤምአር (NMR) በተባለው የመዋቅር መመርመሪያ ዘዴ እስኪያረጋግጥ ብዙ ወራት ያልፋሉ። ለማዕረግ ዕድገት ሲያመለክት ግን ይህ ሁሉ ድካም በጥቂት ቁጥሮች ይጠቃለላል። እዚህ ጅማ ባልደረቦቼን በዚህ ሥራ ሳግዝ እንዳየሁት፣ ቁጥሮቹ የሚበላሹት በአብዛኛው በስሌት ሳይሆን በስም ነው።

በመጀመሪያ የሥራዎቹን ዝርዝር ከባለቤቱ ይቀበሉ፤ ዓመቶቹንም ሁሉ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይለውጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው የስም ማጣራት ነው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የምንጽፈው የአባታችንን ነው። የምርምር ጽሑፎችን የሚመዘግቡ የመረጃ ቋቶች ግን መጨረሻ ላይ ያገኙትን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ወስደው የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። በዚህም ምክንያት ከበደ ተሰማ፣ ካሳ ተሰማና ከድር ተሰማ ሦስቱም «ተሰማ፣ ከ.» ሆነው ይገኛሉ። በአንዱ ጽሑፍ ላይ የአያት ስም ከተጨመረ ደግሞ ያው ሰው በአያቱ ስም ሌላ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። የአጻጻፍ ልዩነትም አለ፤ ጫላ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍና በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ፊደሎቹ አይመሳሰሉም።

ይህን ሳላውቅ ለአንድ ባልደረባዬ ባዘጋጀሁት ማስረጃ ውስጥ የአፈር ሳይንስ ተመራማሪ የሆነ ሌላ ሰው ሁለት ጽሑፎችን አስገብቼ ነበር። በአያቱ ስም የታተሙትን የባልደረባዬን ሦስት ሥራዎች ደግሞ ሳላካትት ቀረሁ። ገምጋሚዎቹ ስህተቱን አይተው ማመልከቻውን መለሱት፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ የዘገየው የእርሱ ዕድገት ነበር። ስለዚህ በሁሉም የአጻጻፍ ዓይነቶች ይፈልጉ፤ ያገኙትንም እያንዳንዱን ጽሑፍ ከፍተው የተቋሙን ስም፣ ተባባሪ ጸሐፊዎቹንና ርዕሰ ጉዳዩን ያመሳክሩ። ተመራማሪው ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን፣ አንድን ተመራማሪ ተመሳሳይ ስም ካላቸው ሌሎች የሚለየውን ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ (ORCID) መለያ ካላወጣ ዛሬውኑ እንዲያወጣ ይንገሩት። ጉግል ስኮላር የተባለው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ጽሑፎችን በራሱ የሚጨምርበትን ምርጫም እንዲዘጋው እመክራለሁ፤ ምቹ ቢመስልም የሌላ ሰው ሥራ ቀላቅሎ ያስገባል።

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ርዕሶች ውስጥ የግሪክ ፊደላት፣ የተክል ሳይንሳዊ ስሞችና ረጃጅም የውህድ ስሞች ስለሚበዙ አንዱ ጽሑፍ በሁለት ርዕስ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠው ቋሚ መለያ፣ ማለትም የዲኦአይ (DOI) ቁጥሩ፣ አንድ ከሆነ ያዋህዷቸው። ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡሌቲን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን የቀድሞ ቅጾች ግን በመረጃ ቋቶቹ ላይገኙ ስለሚችሉ ራስዎ ገብተው ይፈትሹ።

ከዚያም የተጠቀሰበትን ብዛት ይመዝግቡ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንም ስለሚቆጥር ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ስኮፐስ ከተባለው የመረጃ ቋት ይበልጣል፤ የሁለቱን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ መቀላቀል አንባቢን ማሳሳት ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በእ.ኤ.አ. 2005 ያቀረበውን ኤች-ኢንዴክስ ለማስላት ጽሑፎቹን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረው ይደርድሩ፤ መስፈርቱ አንድ ጽሑፍ ቢያንስ የተራ ቁጥሩን ያህል ጊዜ መጠቀሱ ሲሆን፣ ይህን የሚያሟላው የመጨረሻው ጽሑፍ ተራ ቁጥር ኢንዴክሱ ነው። ሰባት ጽሑፎች 42፣ 30፣ 17፣ 9፣ 6፣ 5 እና 3 ጊዜ ተጠቅሰው ከሆነ አምስተኛው 6 ጊዜ ስለተጠቀሰ መስፈርቱን ያሟላል፤ ስድስተኛው ግን 5 ጊዜ ብቻ ስለተጠቀሰ አያሟላም፤ ስለዚህ ኢንዴክሱ 5 ነው። የመጀመሪያው 42 መሆኑ ቀርቶ 400 ቢሆንም ውጤቱ አይለወጥም፤ በዚህ ምክንያት ኢንዴክሱን ብቻውን ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም።

የዳሰሳ ጽሑፎች ከቤተ ሙከራ ሥራዎች ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚጠቀሱ ለየብቻ ያስቀምጧቸው። ተመራማሪው ራሱን የጠቀሰበትን ብዛትም እንዲሁ ይለዩ። በየጽሑፉ አጠገብ ድርሻውን፣ ማለትም ውህዱን የለየው፣ መዋቅሩን የተረጎመው ወይም የፀረ ባክቴሪያ ፍተሻውን ያካሄደው እርሱ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ቁጥሮቹ በየሳምንቱ ስለሚለወጡ ፍለጋውን ያደረጉበትን ቀንና የመረጃ ቋቱን ስም በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ይጻፉ።