በአደባባይ የቆመ ጊዜያዊ የጥበብ ሥራን ፎቶ አንስቶ ያለ ክስ መጠቀም

ማንሳቱ ብዙ ጊዜ አያስከስስም፤ ጣጣው የሚመጣው ፎቶው ሲታተም፣ ሲሸጥ ወይም ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ነው። «አደባባይ ላይ ያለ ነገር የሁሉም ነው» የሚለው አነጋገር፣ ለጥቂት ሳምንት ቆሞ ለሚነሳ ሥራ በተለይ አያስተማምንም።

1. በፎቶው ውስጥ የማን ሥራ እንዳለ ይለዩ። ተራ ድንኳን ወይም የመብራት ገመድ አያሳስብም። ቅርጻ ቅርጽ፣ ሥዕልና ፖስተር ግን የቅጂ መብት (ሥራውን ማባዛትና ማሳተም የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት) አላቸው፤ መብቱም በብዙ አገሮች ሠሪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል። ሥራውን የገዛው ወይም ያስቆመው ማዘጋጃ ቤት የቅጂ መብቱን አብሮ ገዛ ማለት አይደለም።

2. የአገሩን ሕግ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 62 በሕዝብ ቦታ በቋሚነት የቆመ ሐውልትን ማንሳት ይፈቅዳል፤ የግድግዳ ሥዕልና ፖስተር ግን አልተካተቱበትም። በአሜሪካ ሕግ ያለው ተመሳሳይ ፈቃድ ለሕንፃ እንጂ ለሐውልት አይሠራም።

3. ሥራው ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አርቲስቶቹ ክሪስቶና ዣን ክሎድ እ.ኤ.አ. በ1995 በርሊን የሚገኘውን የራይክስታግ (የፓርላማ) ሕንፃ በጨርቅ ጠቅልለው ለሁለት ሳምንት አቆዩት። የጀርመን ከፍተኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2002 ጉዳዩን ሲያይ፣ ሥራው በቋሚነት የቆመ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ ፖስትካርድ አሳትሞ መሸጥ አይቻልም አለ። ልብ ይበሉ፣ መለኪያው የዕቃው ጥንካሬ ሳይሆን የቆመበት ዓላማ ነው። መንገድ ላይ ተሥሎ ዝናብ እስኪያጥበው የተተወ የጠመኔ ሥዕል ዕድሜውን እዚያው ስለሚጨርስ በጀርመን እንደ ቋሚ ሊታይ ይችላል፤ በቀጠሮ የሚነሳ የብረት ሐውልት ግን አይታይም። ስለዚህ የትዕይንቱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን የሚናገረውን ሰሌዳም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

4. ሁለት ዓይነት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ከቅርብ፣ ሌላው አደባባዩንና ሰዉን አስፍቶ የሚያሳይ። ትዕይንቱ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ ማንሳት አይቻልም። በብሪታንያ፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ሥራው እግረ መንገዱን ብቻ የገባበት ፎቶ ይፈቀዳል። ታዲያ በኋላ ዳር ዳሩን ቆርጠው ሥራውን ካጎሉት፣ ወይም ፎቶውን በሥራው ስም ከሰየሙት፣ «እግረ መንገዱን ነው የገባው» ብሎ መከራከር ይከብዳል።

5. የቅርቡን ፎቶ ማውጣት ከፈለጉ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ። አዘጋጁ «ፎቶ ማንሳት ይቻላል» ብሎ ቢለጥፍ ማንሳቱን እንጂ ማሳተሙን አልፈቀደም፤ መጠየቅ ያለበት የቅጂ መብቱ ባለቤት፣ አብዛኛውን ጊዜም አርቲስቱ ራሱ ነው። ደብዳቤው ላይ ፎቶውን አያይዘው የት እንደሚወጣ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ገንዘብ የሚገኝበት መሆን አለመሆኑንና ሌሎች ሰዎች ወስደው ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደሆነ ይግለጹ። የመጨረሻዋ ነጥብ ትረሳለች። ፎቶውን ማንም ለንግድ ጭምር በነፃ እንዲጠቀምበት ሊለቁት ካሰቡ «ድረ ገጽህ ላይ አውጣው» የሚል መልስ አይበቃም፤ እርስዎ በነፃ መስጠት የሚችሉት የፎቶ አንሺነት መብትዎን ብቻ ነው።

መልስ ካልመጣ ዝምታውን እንደ እሺታ አይቁጠሩት፤ አስፍቶ የተነሳውን ፎቶ ያውጡ።