የምግብ አቀነባባሪዎች ኢንኩቤተር ልታቋቁሙ ነው? ማሽኑን መጨረሻ ላይ ግዙት

ብዙ ሰው ኢንኩቤተር (ጀማሪ አምራቾች ቦታ፣ ማሽንና ምክር እየተጋሩ የሚያድጉበት ማዕከል) ላቋቁም ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ህንፃ ነው፣ ቀጥሎ ማሽን፣ ከዛ ስልጠና፣ እነማን ይግቡ የሚለው ጥያቄ ደሞ ሪባን ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይመጣል። እኔ እምላችሁ ግልብጥ አድርጉት ነው። ኢንኩቤተር የሚባለው ነገር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ባታቪያ የምትባል ከተማ ውስጥ ሲጀመር ጆሴፍ ማንኩሶ የሚባለው ሰውዬ አዲስ ህንፃ አልገነባም፣ ቤተሰቡ ፋብሪካ ተዘግቶ ባዶውን የቀረ ትልቅ ህንፃ ነበራቸውና ሙሉውን የሚከራይ ሲጠፋ ለትንንሽ ድርጅቶች እየሸነሸነ ሰጠ፣ የቢሮ አገልግሎቱንና ምክሩንም አብሮ ጨመረበት። ከተከራዮቹ አንዱ የዶሮ ድርጅት ስለነበር ስሙም ከጫጩት መፈልፈያው (እሱም በእንግሊዝኛ ኢንኩቤተር ነው) መጣ ይባላል። ስለዚህ ባዶ መጋዘን ፈልጉ፣ ግንባታ ውስጥ አትግቡ።

ከመጋዘኑም በፊት ግን ሰዎቹጋ ሂዱ። ወር ሁለት ወር ስጡት፣ ሀያ ሰላሳ ቤት ውስጥ ወይም በትንሽ ክፍል የሚያመርቱ ሰዎችጋ እየሄዳችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብላችሁ ሲሰሩ እዩ። ምን ትፈልጋላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው የሚላችሁ (እኔም ብሆን እንደዛ ነው እምለው)። ይልቅ ባለፈው ወር ስንት ኪሎ ጣላችሁ፣ ገዢ እቃ መልሶባችሁ ያውቃል ወይ፣ ለምን መለሰው፣ ዱቤ ስንት ቀን ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ተደጋግሞ ይመጣል፦ አንዱ ክዳኑ ያፈሳል፣ አንዱ ሻጋታ ያስቸግረዋል፣ አንዷ ፈቃድ ስለሌላት ሱፐርማርኬት አይቀበላትም፣ ሌላው ደሞ ጥሬ እቃ በአመት ሶስት ወር ብቻ ነው የሚያገኘው። የእናንተ ማዕከል እነዚህን ካልፈታ ስልጠናው የምስክር ወረቀት ማደያ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከዛ ከመቶ አይነት ምርት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት መስመር ምረጡ። ማርማላታ፣ የቲማቲም ሶስና ጁስ ቢለያዩም ማጠቢያውን፣ ማፍያውንና መሙያውን መጋራት ይችላሉ፣ ይሄ እርጥብ መስመር ነው። ኦቾሎኒ፣ ዱቄት፣ ቅመም ደረቅ መስመር ነው፣ እርጥበት ካለበት ክፍል ጋር አብረው ከሄዱ አለቀላቸው፣ ኦቾሎኒ ደሞ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊገድል ስለሚችል መፍጫውን ለሌላ ምርት እንዲሁ ጠረግ አድርጎ መስጠት አይቻልም። ወተት ሲሆን ለብቻው አለም ነው፣ ከተቻለ በመጀመሪያው አመት ባትነኩት ይሻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው የጋራ ማምረቻ ጥቅሙ ይሄው ነው፣ ግን ሎሚው ለሃምሳው የሚሆን ሎሚ ሲሆን ብቻ።

ይሄን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ የሰራሁበት ማዕከል ውስጥ በሰአት 500 ሊትር አሙቆ ጀርም የሚገድል ማሽን (ፓስቸራይዘር) ተገዛ፣ በጣም ያምራል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶ ይነሳበታል፣ አባሎቻችን ደሞ አንድ ጊዜ የሚያመርቱት 40 ሊትር ጁስ ነው። 40 ሊትር ማለት ለዛ ማሽን ቧንቧውን ማርጠቢያ ነው፣ ግማሹ ውስጥ ቀርቶ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ይፈስ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ሰው ጥግ ላይ ባለች ባለ 50 ሊትር ድስት በቴርሞሜትር እየለካ መስራት ጀመረ፣ ትልቁን ማሽን ሸራ አለበስነው። እና መጀመሪያ ትንሽ ግዙ፣ መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝ፣ ፈታቶ ለማጠብ የሚቀል፣ ሰው ወረፋ መያዝ ሲጀምር ያኔ ትልቁን ታስቡታላችሁ።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ ሳልል፣ እቃ በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፦ ጥሬው በአንድ በር ገብቶ ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ በስሎ፣ ታሽጎ በሌላ በር ይውጣ፣ ጭቃ ያለበት ካሮት የታሸገ ጠርሙስ አጠገብ እንዳያልፍ። ወለሉ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ዘንበል ይበል፣ መግቢያው ላይ እጅ መታጠቢያ ይኑር፣ አምፖሉ ሽፋን ይኑረው፣ ውሃው ይመርመር። ግድግዳ ሳትነኩ በፊት ግን ፕላኑን ይዛችሁ የምግብ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ሂዱ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ፈቃዱ ከማምረቻ ክፍሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አስር ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰራ ፈቃዱ በማን ስም ነው የሚለውን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ በኋላ ሁሉም ነገር ይቆማል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ላብራቶሪ። ትልቅ ላብራቶሪ አላልኩም፣ አንድ ጠረጴዛ በቂ ነው፦ ፒኤች ሜትር (አሲድነት የሚለካ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ ስኳር የሚለካ ሪፍራክቶሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ግራም የሚመዝን ሚዛን፣ ለደረቅ ምርት የእርጥበት መለኪያ። እነዚህ አምስቱ ከማሽኑ ሁሉ በላይ ይጠቅማሉ። ለምሳሌ አንዷ አባል የቲማቲም ሶስ ይዛ መጣች እንበል፣ ይጣፍጣል፣ ቀለሙም ቆንጆ ነው፣ ፒኤቹ ሲለካ 4.7 አለ። ቲማቲም ራሱ እንደ አይነቱና እንደ ብስለቱ ከ4.3 እስከ 4.9 ሊወዛወዝ ይችላል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ደሞ ከፍ ይላል። ከ4.6 በላይ ከሆነ አየር በሌለበት የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አድጎ መርዝ ሊሰራ ይችላል፣ ዘሩን (ስፖሩን) ማፍላት አይገድለውም፣ ሰው ይሞታል፣ ቀልድ አይደለም። መፍትሄው የሎሚ ጭማቂ ወይም ሲትሪክ አሲድ መዝኖ ጨምሮ ወደ 4.2 አካባቢ ማውረድ፣ ከዛ በደንብ ቀላቅሎ እንደገና መለካት፣ ትኩሱን ሞልቶ መክደን። ማታ ስትተኛ ሶሱ አደገኛ ነበር፣ በማግስቱ በጥቂት ግራም አሲድ ተስተካከለ፣ ይሄን ነው ሰው ከእናንተ የሚፈልገው። ፒኤች ሜትሩን ታድያ በየቀኑ በ4 እና በ7 መለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉት፣ ያልተስተካከለ መለኪያ ከሌለው ይብሳል።

አሲዳቸው ትንሽ የሆኑ ነገሮችን፣ ማለትም ባቄላ፣ ስጋ፣ በቆሎ በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ ማሸግ ለሚል ሰው መልሱ አይሆንም ነው፣ እነሱ ከ100 ዲግሪ በላይ፣ በተለምዶ 121 ዲግሪ በግፊት የሚሰራ መሳሪያና ሂሳቡን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ኦቾሎኒ ላይ ደሞ አፍላቶክሲን አለ፣ ሻጋታ የሚያመጣው መርዝ ነው፣ ስለቆላነው ጠፋ ማለት አይደለም። ኮዴክስ የሚባለው አለም አቀፍ የምግብ ስታንዳርድ ለማቀነባበር በሚገባ ኦቾሎኒ ላይ የሚፈቅደው በኪሎ 15 ማይክሮግራም ነው፣ ይሄን በአይን አታዩትም፣ ስለዚህ የተጨማደደውን የሻገተውን መልቀም፣ ከየጭነቱ ናሙና ወደ ውጪ ላብራቶሪ መላክ የግድ ነው፣ ወጪውን ከአባላቱ ጋር ተካፈሉት።

ሂሳብ ሲባል ሁሉም ሰው ያዛጋል፣ እኔ በማንጎ ነው እማስተምረው። 10 ኪሎ ማንጎ ተገዝቶ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 6 ኪሎ አካባቢ ይቀራል፣ ከዛ ውስጥ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋው ውሃ ነው፣ ደርቆ ከማድረቂያው የሚወጣው 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዷ 100 ግራም ፓኬት ውስጥ ከ800 ግራም በላይ ጥሬ ማንጎ አለ፣ ገና መብራቱ፣ ፕላስቲኩ፣ ሌብሉ፣ ጉልበቱ፣ ማጓጓዣው፣ የሱቁ ትርፍ ሳይጨመር። ይሄን ወረቀት ላይ ፊት ለፊታቸው ስትሰሩላቸው ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ለካ ሁለት አመት ሙሉ በኪሳራ ነው ሲሸጡ የነበሩት። የራሳቸውን ጉልበት ብዙዎቹ ዜሮ ነው የሚቆጥሩት፣ ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት አስተካክሉ።

ምርጫ ላይ አትቸኩሉ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለመጀመሪያ ዙር ስምንት ወይም አስር ሰው ይበቃል። ቢዝነስ ፕላን አሳምሮ የጻፈውን ሳይሆን አሁን እየሸጠ ያለውን ውሰዱ፣ እኔ የማደርገው አንድ ምርት በሶስት የተለያየ ቀን ሶስት ጊዜ እንዲሰሩ ማድረግ ነው፣ ሶስቱም አንድ አይነት ከወጣ ይሄ ሰው ይሰማል፣ ይመዝናል ማለት ነው። ውሉ ላይ የመውጫ ቀን ይጻፍ፣ አመት ተኩል ወይም ሁለት አመት፣ ኪራዩም በየስድስት ወሩ ወደ ገበያው ዋጋ ከፍ ይበል፣ ካልሆነ ማንም አይወጣም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልወጣም።

ሌላው ሰው የሚረሳው ጠርሙስና ካርቶን ነው። አንድ አምራች ብቻውን 300 ጠርሙስ ቢፈልግ ፋብሪካው ዞሮም አያየውም፣ ማዕከሉ ግን የሁሉንም ሰብስቦ ባንዴ ማዘዝ ይችላል፣ ለዚህ ሲባል ሁሉም አንድ አይነት ጠርሙስ እንዲጠቀም ማሳመን አለባችሁ፣ ጭቅጭቅ አለው። መንቀሳቀሻ ገንዘብም እንዲሁ፣ ገበሬው ገንዘቡን ዛሬ ነው የሚፈልገው፣ ሱፐርማርኬቱ የሚከፍለው ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ ነው፣ ያቺን ክፍተት የምትሞላ ትንሽ ተዘዋዋሪ ፈንድ አዘጋጁ፣ ግን በእጅ ገንዘብ ሳይሆን የገዢ ትእዛዝ ላመጣ ሰው ጥሬ እቃውን በቀጥታ በመክፈል።

የራሳችሁን ገቢስ? ዶነር ሁለት ሶስት አመት ቢቆይ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በሰአት አስከፍሉ፣ ትንሽም ብትሆን። ለእያንዳንዱ ትልቅ ማሽን የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፣ ካልሆነ ማድረቂያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሰራው ሰውዬና አንድ ድስት የምታፈላው ልጅ እኩል መብራት ሊከፍሉ ነው። ቅጥር ላይ ከሰባት ሰው ይልቅ ሁለት ይሻላል፣ አንድ የምግብ ቴክኖሎጂ የተማረና እጁን የሚያስገባ፣ አንድ ደሞ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሽያጭ የሚችል፣ አሰልጣኝ በየጊዜው በቀን ሂሳብ ይመጣል።

የወረፋ ሰሌዳው ላይ የጽዳት ሰአት እንዳትረሱ። ከ2 እስከ 6 ሰአት ተብሎ የተያዘ ክፍል 5 ሰአት ላይ ምርት ቆሞ እጥበት ይጀመርበት፣ ቀጣዩ ሰው ገብቶ አይቶ ፈርሞ ይረከብ። እኛጋ ሰው ኩርፊያ ውስጥ የገባው በገንዘብ አልነበረም፣ አንዱ የሌላውን ድስት አቃጥሎ ሳያጥብ ስለሄደ ነው፣ ፊርማው ከመጣ በኋላ ነው ነገሩ የበረደው።