ፓርሰር ልጻፍ ወይስ ዝግጁውን ልውሰድ?

ባሕር ዳር ተቀምጬ ከቡሬና ከቢቸና የሚላክ የእህል ዝርዝር የሚያነብ ፕሮግራም እሠራለሁ። ጽሑፉን ቆራርጦ ትርጉሙን የሚያወጣው ክፍል ፓርሰር ይባላል። ግማሹ ከኤክሴል የወጣ ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል ነው። ግማሹ የመጋዘን ሰዎች በስልካቸው የሚጽፉት መልእክት ነው። ሁለቱንም በአንድ ኮድ ላነብ ብዬ አበሳዬን አየሁ።

ምልክት፦ የጤፍ ዋጋ 15 ብር ሆነ።

መስመሩ ይህ ነበር፤

ቢቸና,"ጤፍ, ነጭ",15,"12,500"

አራት ዓምድ ነው፦ ቦታ፣ እህል፣ ኩንታል፣ ዋጋ። መስመር የሚቆርጠው ትእዛዝ፣ ስፕሊት፣ ግን ኮማ ባየ ቁጥር እየቆረጠ ስድስት አደረገው። ኩንታሉ «ነጭ»፣ ዋጋው 15 ሆነ። እንደዚህ ቢሆንማ ማን ይጠላል!

ምክንያት፦ በሲኤስቪ ጥቅስ ውስጥ ያለ ኮማ ዓምድ አይለይም። ጽሑፉ ራሱ ጥቅስ ካለው ደግሞ ጥቅሱ እጥፍ ሆኖ ይጻፋል። በጥቅስ መሃል አዲስ መስመር ሊጀምርም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4180 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ይህን ሁሉ ጽፎታል።

መፍትሄ፦ ኮዳችሁን ሰርዙና ከፕሮግራም ቋንቋው ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን የሲኤስቪ ሞጁል ተጠቀሙ። እኔ ለጥቅሱ አንድ ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ)፣ ለእጥፉ ሌላ ኢፍ እየጨመርኩ ሁለት ቀን አቃጠልኩ። የ«12,500»ን ኮማ ግን ሞጁሉ አያነሳላችሁም፤ ወደ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት ራሳችሁ አንሱት።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ዓምድ በዓይን ይታያል፣ ፕሮግራሙ ግን «የለም» ይላል።

ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባል የማይታይ ምልክት አለ። ፋይሉን ይህን ምልክት በሚዘልለው የፓይተን አማራጭ፣ በዩቲኤፍ-8-ሲግ (utf-8-sig)፣ ክፈቱት። አለቀ።

ምልክት፦ መልእክቱን የሚያነብ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ጠፋ።

«ነጭ ጤፍ ፲፭ ኩ፣ በቆሎ 40 ኩንታል፤ ቡሬ»

ምክንያት፦ ይህን አጻጻፍ ያወጡት በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ አንድ አባት ናቸው። ሕጉ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ እዚህ ላይ የራሳችሁን ጻፉ። መጀመሪያ መስመሩን ቁጥር፣ መለኪያ፣ ስምና መለያ እያላችሁ ቆራርጡት። ከዚያ በተራ አንብቡት፦ «፣» እህልን ከእህል፣ «፤» እህሉን ከቦታው ይለያል። ያልገባውን ቃል ዝም ብሎ እንዳያልፍ። የመስመሩን ቁጥርና ቃሉን ጽፎ ይቁም። ዝርዝር ውስጥ ሌላ ዝርዝር በቅንፍ መግባት ከጀመረ ግን ላርክ የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ ሞክሩ፤ ሰዋስው ትሰጡታላችሁ፣ ፓርሰሩን እሱ ያወጣል።

ምልክት፦ «፩» ላይ ይወድቃል።

ይሄኛው ነው ያስገረመኝ። ፓይተንን አሃዝ መሆኑን በሚመረምረው በኢዝዲጂት ብትጠይቁት «፩ አሃዝ ነው» ይላል። ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ቀይር ስትሉት እምቢ ይላል። በሪጀክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) አሃዝን በሚወክለው \d ብትፈልጉትም አይገኝም።

ምክንያት፦ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ዋጋውም በቦታ አይወሰንም። «፲፭» አሥርና አምስት ነው። ስለዚህ ለየፊደሉ መለያ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት፣ ዩኒኮድ፣ ከአሥርዮሽ አሃዞች ጋር አልመደበውም።

መፍትሄ፦ አሥሩንና አንዱን ደምሩ። «፻» ሲመጣ የያዛችሁትን በ100 አባዙ፤ ምንም ካልያዛችሁ 1 እንደያዛችሁ ቁጠሩት። «፳፻» 2000 የሚሆነው እንዲህ ነው።

ይህን ጨርሼ ደስ ብሎኝ ሳለሁ በማግስቱ ከአባ መልእክት ገባ፦ «ጤፍ ፲፭ ኩ፣ እርጥብ ስለሆነ ፲፬ በለው»። ፓርሰሩ «መስመር 1፦ እርጥብ» ብሎ ቆመ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላቸው።