ነባር ሰፈር መልሶ ለማልማት ነዋሪውን እንዴት እንቁጠር?

መጀመሪያ ካርታ ይዛችሁ ሰፈሩን በእግር ዙሩ። አንዴ ቀን፣ አንዴ አመሻሽ ላይ። 6 ሰዓት ላይ መንገድ የመሰላችሁ ቦታ 12 ሰዓት ሲሆን ጉልት ነው። የጋራ ሽንት ቤቱን፣ ቧንቧውን፣ የፍሳሽ መውረጃውን ምልክት አድርጉ።

ጣጣው ያለው ቆጠራው ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቀበሌ ቤት የሞላበት ሰፈር ደርሶኝ፣ የቤት ቁጥር እየተከተልኩ፣ ከሳተላይት ምስል ጋር እያመሳከርኩ በሁለት ቀን ቆጥሬ ጨረስኩና ጎበዝ ነኝ ብዬ ንድፍ ጀመርኩ። ነዋሪውን ሰብስበን ስናሳይ አንዲት እናት ካርታውን አዩና "ልጄ፣ እኔ የታለሁ?" አሉኝ። ለካ ደባል ናቸው። በአንድ ቁጥር ሦስት ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ሞልቷል። ንድፉ ቅርጫት ገባ።

ነገሩ የቆየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ቤቱ እዚያው ቀረ፣ ልጅ ግን አደገ፣ አገባ፣ ጓሮ ቀጠለ። ስለዚህ በር አትቁጠሩ፣ ድስት ቁጠሩ። ኩሽናው የጋራ ቢሆንም ድስቱ የየራስ ነው። "ስንት ሰው ይኖራል?" ካላችሁ ደባል ያስገባ ሰው ቤቱን የሚነጠቅ ይመስለውና ይደብቃችኋል፤ "እዚህ ግቢ ለየብቻ ወጥ የሚሠራ ስንት ነው?" ስትሉት ግን ይነግራችኋል።

ከዚያ ከእድር መዝገብ ጋር አስተያዩት። መዝገቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሰፈር ቀይሮም መዋጮ የሚከፍል አለ፣ አዲስ ተከራይ ደግሞ አይገኝበትም። ልዩነቱን ቤት ለቤት አጣሩ። ባለይዞታ፣ የቀበሌ ተከራይና ደባል ለየብቻ ይመዝገቡ፣ የሚሰጣቸው ምትክ አንድ ስላልሆነ። ሰዉ በምን ሥራ እንደሚተዳደርም ጻፉ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ትሆናለች?

ስትነድፉ ባዶ ቦታ ካለ መጀመሪያ እዚያ ሥሩ፣ ሰው አንዴ ብቻ ይነሳ። ምድር ቤቱን ለሱቅና ለሥራ ተዉት። ኮንዶሚኒየም ግቢ ለእርድና ለማብሰያ የሚሠራውን የጋራ ቤት መጨረሻ የተረፈች ጥግ ላይ አትወርውሩት። የሚያብረቀርቀውን የኮምፒውተር ምስል ደግሞ በኋላ አምጡት፤ ቀድማችሁ ካሳያችሁ ኮሚቴው በቀለሙ ይማረካል፣ ስለ ቆጠራው የሚጠይቃችሁ አይኖርም።